የአማቴ የቁም ለቅሶ

ከዲላ ወደ ሰመራ ለመሄድ ስንነሳ መጀመሪያ የሞቱት አማቴ ናቸው። ሞቱ ስላችሁ አልሞቱም። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ በተለቀሰላቸው ዕለት ከእኔ የበለጠ ንፍሮ የበሉት እሳቸው ናቸው። ግን ድንኳን ተተክሏል፣ ጡሩምባ ተነፍቷል፣ የሕይወት ታሪካቸው ተነብቧል፤ እናቴም ከኮንጋ ድረስ መጥታ ደረቷን ደቅታለች። ሰው ሲጠይቀኝ ከየት እንደምጀምር ይጨንቀኛል፤ ለማንኛውም ከስልኩ ልጀምር።

ባለቤቴ አዋላጅ ነርስ ናት። ትሠራበት የነበረው የግል ክሊኒክ ከተዘጋ በኋላ ተጠባባቂ ሆና ቀረች፤ አንዱን ሳምንት ይርጋጨፌ፣ አንዱን ሳምንት ጪጩ፣ ነርስ ስትታመምባቸው ወይ ስትወልድባቸው ብቻ ይጠሯታል። «እኛን የሚያኖረን የሌሎች ነርሶች እርግዝና ነው» እያልኩ እቀልድባት ነበር፤ እሷ ግን አትስቅም። እኔ ደግሞ በያጅ ነኝ፣ የብረት በርና መስኮት እሠራለሁ። ቡናው ጥሩ የዋለ ዓመት ሰው በሩን ይቀይራል፤ ቡናው ሲከፋ አሮጌውን በር በሽቦ አስሮ ያድራል። ያኔ መንደሩ በሙሉ በሽቦ የታሰረ ነበር።

እንዲህ እያለን አንድ ቀን ሰመራ ካለ ሆስፒታል ተደወለላት። ማመልከቷንም ረስታው ነበር። ቋሚ ሥራ ነው፣ መኖሪያ ቤት አለው፣ የበረሃ አበል አለው፤ ከተማው ደግሞ ገና እየተሠራ ስለሆነ ለበያጅ እጅ ሥራ ሞልቷል። «እስከ ወሩ መጨረሻ ቀርበሽ ሪፖርት ካላደረግሽ ለቀጣዩ ተወዳዳሪ እንሰጣለን» አሏት። ስልኩን ዘጋችና ብቻዋን እልል አለች። ከዚያ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

«ምን ሆንሽ ደግሞ?» አልኳት።

«አባዬስ?» አለችኝ።

እውነት ነው፣ እሳቸውስ? አማቴ ልብስ ሰፊ ናቸው። በጎረምሳነታቸው ከወሎ ወጥተው ዲላ የገቡ፣ የከተማውን ግማሽ የደንብ ልብስ የሰፉ ሰው ናቸው። ሚስታቸው የሞተችው ባለቤቴ ገና ትንሽ ልጅ ሳለች ነው፤ ሌላ ልጅም የላቸውም። እኔ ከኮንጋ መጥቼ፣ ልጃቸውን አግብቼ፣ እሳቸው ግቢ የገባሁ የቤት አማች ነኝ። የቤት አማች ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ፤ እሳቸው ግን አንድም ቀን ብለውኝ አያውቁም፤ በሆዳቸው እንኳ ቢሉ።

የዚያን ዕለት ማታ ነገረቻቸው። በደስታ ተነስተው ሳሟት። «ሂዱ ልጄ፣ መንገዱን ጨርቅ ያድርግላችሁ» አሉ።

«አንተም እኮ ነህ የምትሄደው አባዬ።»

«እኔ? ምን ልሠራ?»

«ከእኛ ጋር ልትኖር።»

«መኖሩንስ የትም ይኖራል። ችግሩ መሞቱ ነው። እዚያ ብሞት ማን ያውቀኛል? ማንም የማያውቀው ሬሳ ሆኜ ልቀር?»

«እንግዲያው እኔም አልሄድም።»

ባለቤቴ አልሄድም ካለች አትሄድም። እሷ ካልሄደች ደግሞ ሥራው የለም፤ ሥራው ከሌለ እኛም በሽቦ ታስረን መቅረታችን ነው። ነገሩ በሙሉ እዚህ ላይ ተንጠለጠለ፤ ሽማግሌው ይሄዳሉ ወይስ አይሄዱም።

ችግሩ ሰመራ አይደለም። ችግሩ እድር ነው። አማቴ ለቅሶ የማይቀሩ ሰው ናቸው። የእድሩን ድንኳን የሰፉት እሳቸው ናቸው፤ ክረምት በገባ ቁጥር የተቀደደውን የሚጥፉትም እሳቸው ናቸው። ጡሩምባ ሲነፋ ጫማቸውን ሳያስሩ ይወጣሉ፣ በዚያ ዕድሜያቸው አግዳሚ ይሸከማሉ፣ ሬሳ እስኪወጣ አይቀመጡም። ወዳጅም ይሁን ባላንጣ፣ ኦርቶዶክስም ይሁን ጴንጤ፣ ጉራጌም ይሁን ጌዴኦ፣ የመንደሩን ሰው አልቅሰው ቀብረዋል። ስንት ዓመት ለሌላው አልቅሰው በራሳቸው ተራ አፋር ክልል ሄደው ሊሞቱ? «እኔ ሰፍቼው ለሌላው ሊለቀስበት?» ይላሉ ድንኳኑን እያሰቡ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ይኼ ነበር ወሬያችን። ባለቤቴ ትለምናለች፣ እሳቸው ድንኳኑን ያነሳሉ፣ ወሩ እያለቀ ነው። አንድ ቀን ደሜ ፈላ። «ኧረ አባባ! እንዲህ ከሆነማ ከመሄድዎ በፊት አልቅሰው ይሸኙዎታ!» አልኩ። በንዴት ነው ያልኩት፤ ቀልድም ነው።

አማቴ መነጽራቸውን አወለቁ። «ይኼ አማች አንዳንዴ ጭንቅላት አለው» አሉ።

ባለቤቴ ዞር ብላ ስታየኝ ምላሴን መቁረጥ አማረኝ።

እሑድ፣ ጴንጤውም ኦርቶዶክሱም ከየቤተ ክርስቲያኑ ሲወጣ ጠብቆ፣ እድሩ ተሰበሰበ። የእድሩ ዳኛ ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህር ናቸው፤ ነገር ሁሉ በሥርዓት እንዲሄድ ይፈልጋሉ። አማቴ ተነስተው ጉዳያቸውን አስረዱ።

«አባታችን፣ ለቅሶ እኮ ሬሳ ይፈልጋል» አሉ ዳኛው።

«የቁም ተዝካር የሚበላ አገር የቁም ለቅሶ ምን ይገርመዋል?» አሉ አማቴ።

ይኼን ጊዜ ጉባኤው ተንጫጫ። አንዱ፣ ለእሳቸው ከፈቀድን ነገ ክልል የሚቀይር ሁሉ ይጠይቃል አለ። ሌላው፣ ቢጠይቅስ? ከተለየን መለየት ነው አለ። እውነት እውነት እላችኋለሁ፣ ቀልድ የመሰለኝ እዚህ ላይ አበቃ፤ ሰዎቹ የምር መከራከር ጀመሩ። ሐዋሳ የሚሄድ ይለቀስለታል? አይለቀስለትም፤ ጠዋት ሄዶ ማታ ይመለሳል። አዲስ አበባስ? እዚያ ላይ ተጣሉ። አንድ ወፍራም የቡና ነጋዴ «እኔ በወር ሁለቴ ነው አዲስ አበባ የምሄደው፤ በወር ሁለቴ ልታለቅሱልኝ ነው?» ብሎ ሰውን አሳቀ። ብዙ ከተባለ በኋላ ስምምነት ላይ የተደረሰው እንዲህ ተብሎ ነው፦ ከአዋሽ ከተማ ወዲህ የሚሄድ በሽኝት ይበቃዋል፤ ከአዋሽ ማዶ የሚሻገር አባል ግን ከፈለገ ይለቀስለታል። እጅ ወጣ። እኔም ሳላስበው እጄን አወጣሁ።

ዳኛው ግን አንድ ነገር ጨመሩ። «አንድ ሰው ሁለቴ አይለቀስለትም። ዛሬ ድንኳኑ ከወጣልዎት ወጣ ነው። ነገ ሰመራ አልተስማማኝም ብለው ተመልሰው ዲላ ላይ ቢያርፉ፣ እድሩ አያውቅዎትም። ይኼን አስበውታል?»

«አስቤዋለሁ» አሉ አማቴ። «ተስማምቻለሁ።»

ጡሩምባ ነፊው ግን እንቢ አለ። «ዕድሜዬን ሙሉ ውሸት ነፍቼ አላውቅም! ያልሞተን ሰው ሞተ ብዬ ጎህ ሲቀድ እግዜርን ላስቆጣ?» አለ። ሽማግሌዎች ገብተው ቃሉን አስተካከሉለት። ቅዳሜ ማለዳ ጡሩምባው ሲጮህ ሁላችንም አልጋችን ላይ ተቀመጥን። «የእድራችን አባል፣ ልብስ ሰፊው አባታችን፣ በሕይወት አሉ! በሕይወት አሉ! ነገር ግን ወደ ሩቅ ክልል ስለሚሄዱ ለቅሷቸው ዛሬ ነው! እንዳትቀሩ!»

ከአጥራችን ኋላ አንዲት አሮጊት ሲጠይቁት ይሰማኛል። «ታመው ነው?»

«ኧረ ደህና ናቸው።»

«እሰይ፣ ተመስገን! ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው?»

ባለቤቴ ብርድ ልብሱን እስከ ራሷ ድረስ ሳበች። «ለቀባሪው አረዱት የሚባለው ይኼ ነው» አለች ከውስጥ። «ዛሬ የሆነ ነገር ብትናገር ከአባቴ ጋር ነው የምቀብርህ።»

ሰማዩ ዝናብ አዝሎ ዋለ። ድንኳኑ ግቢያችን ውስጥ ተተከለ፣ አግዳሚው ገባ፣ የንፍሮው ድስት ከጓሮ ተጣደ። የመጀመሪያው ችግር ሟቹ የት ይቀመጡ የሚለው ነበር። ከለቀስተኛ ጋር ይቀመጡ እንዳይባል የሚለቀሰው ለእሳቸው ነው፤ ቤት ውስጥ ይተኙ እንዳይባል «ምን አጥቼ ነው የምተኛው፣ የማየው ነገር አለኝ» አሉ። መጨረሻ ላይ ከድንኳኑ መሃል አንድ የክንድ ማሳረፊያ ያለው ወንበር ተደረገላቸውና ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ተሰየሙ። ሰው ሲገባ በልማዱ ጎንበስ እያለ «እግዜር ያጥናዎት» ይላቸዋል። እሳቸውም «አሜን፣ እናንተንም ያጥናችሁ» ይላሉ። የነፍስ አባታቸው መጡና ገና ከበሩ ሲያዩዋቸው ሳቅ አፈናቸው። «ለቁም ሰው ፍትሐት አላውቅም፤ መንገድ ከሆነ ግን እባርካለሁ» ብለው ባረኩና ከአጠገባቸው ተቀመጡ። ትንሿ ልጄ እጄን ይዛ «አባባ ሞተዋል?» አለችኝ። አልሞቱም አልኳት። «ታዲያ እነዚህ ሁሉ ሰዎች ምን ሆነው ነው?» አለች።

ዳኛው የሕይወት ታሪክ ማንበብ ጀመሩ። «አባታችን በልጅነታቸው ወደ ዲላ መጥተው…»

«በጎረምሳነቴ ነው» አሉ አማቴ።

«በጎረምሳነታቸው ወደ ዲላ መጥተው፣ በሥራቸው የተመሰገኑ፣ ሰው ሁሉ የሚወዳቸው…»

«እሱን እንኳ ተወው» ብለው አማቴ በከዘራቸው ወደ ጥግ አመለከቱ።

ጥግ ላይ የተቀመጠው የአጥር ጎረቤታችን ነው። ከአማቴ ጋር ሰላምታ ካቆሙ ዘመን አልፏል። አማቴ ያሳፈሩት መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን ልቡ ቀድሞውኑ ተነክቶ ኖሮ ተነስቶ እንባውን ለቀቀው። «ይቅር በሉኝ! አጥሩን ወደ እናንተ ግቢ የገፋሁት እኔ ነኝ! ነፍስዎ እንዳትቀየመኝ!»

«ሰማችሁ?» አማቴ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ስንት ዓመት ስል ኖርኩ! ምስክር ሁኑኝ!»

ሰውዬው ምን እንዳደረገ የገባው ይኼኔ ነው። በሟች ፊት መናዘዝ ለምዶ፣ ይኼኛው ሟች ጆሮ እንዳለው ረስቶት ነበር። ሰዉ እየሳቀ አስታረቃቸው፤ ሰኞ ዕለትም አጥሩን ወደ ቦታው መለሰ። በዚያ ግቢ ውስጥ የተሻለ ዕድል መጀመሪያ ያገኘው አጥሩ ነው።

እናቴ የደረሰችው ሰዉ ገና ሳቁን ሳይጨርስ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው። ኮንጋ ደውዬ «ቅዳሜ የአማቴ ለቅሶ ነው፣ ነይ» አልኳት፤ የቀረውን ሳላስረዳት ኔትወርኩ ተቋረጠ። እሷ ደግሞ ለቅሶ ከተባለች ሌላ ምን ልትጠይቅ ነው? ከመንደሯ ሦስት ሴቶች ጋር በሞተር እስከ አስፋልት፣ ከዚያ በአውቶቡስ ዲላ ገባች። ከዋናው መንገድ ጀምሮ ሲያለቅሱ ይሰማናል። ሳቁ ቆመ። እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ደረቷን እየደቃች፣ በጌዴኦኛ ስማቸውን እየጠራች ገባች። አማቴ ቁም ነገረኛ ሰው ናቸው፤ የሻይ ብርጭቋቸውን እንደያዙ ተነስተው ጎንበስ ብለው «እንኳን ደህና መጡ» አሏት።

እናቴ እንዲህ ያለ ድምፅ ስታወጣ ሰምቼ አላውቅም። ሦስቱ ሴቶች ወደ ውጪ ሮጡ፤ እሷ ግን ባለችበት ቆማ እኔን ፈለገች። «አንተ ልጅ! ሰውዬው ሻይ እየጠጣች ነው!» አለች። እናቴ በአማርኛዋ ወንድና ሴት አትለይም፤ ስትናደድ ደግሞ ይብስባታል። ከዚያ በኋላ ያለችኝን በጌዴኦኛ ስለሆነ አልተረጉመውም። ነገሩን አስረዳናት። «ለመሆኑ ይሄዳሉ?» አለች። ይሄዳሉ አልናት። «አይመለሱም?» ማን ያውቃል አልናት።

«እንግዲያው ለቅሶ ነው» አለች። «ከኮንጋ ድረስ እንባ ይዤ መጥቻለሁ፤ ይዤው አልመለስም።»

አግዳሚ ላይ ቁጭ ብላ ጀመረች። መጀመሪያ ለአማቴ አለቀሰች፤ ትንሽ ቆይታ ለሞተው አባቴ፣ ቀጥላ ቀብራ ለመጣቻቸው ሁሉ። ሴቶቹም ተመልሰው ገቡ። የመንደሩ ሴቶች ተቀላቀሉ፤ እያንዳንዷ የራሷን እያነሳች ታለቅሳለች። ዝናቡ ድንኳኑን መደብደብ ጀመረ፤ ውጪ መውጣት የማይቻል ሆነ። የሳቀው ሰው ሁሉ አፉን በጋቢው ሸፍኗል። ወፍራሙ የቡና ነጋዴ እንኳ ልጁን ያጣበት ጊዜ ትዝ ብሎት ይንሰቀሰቃል። ዓይኔ እያየ የውሸቱ ለቅሶ እውነተኛ ሆነ። እኔም አለቀስኩ፤ ለማን እንደሆነ እስካሁን አላውቀውም።

የማታለቅሰው ባለቤቴ ብቻ ናት። ንፍሮ ታዞራለች፣ ብርጭቆ ታጥባለች፣ ውሃ ታቀርባለች፤ ከጓሮ ወደ ድንኳን፣ ከድንኳን ወደ ጓሮ። አጠገቤ ያሉ አሮጊቶች ሲያንሾካሹኩ ይሰማኛል። «ልጅ አይደለች እንዴ? የአባቷ ለቅሶ ላይ እንባ የላትም?» አንዷ ጠጋ ብላ ክንዷን ያዘቻት። «ልጄ፣ ኧረ ሰው ምን ይላል? ትንሽ እንኳ በይ።»

«አባቴ እኮ እዚያ ጋ ተቀምጧል!» አለች ባለቤቴ።

«ይቀመጣ! ተቀምጦ ይስማሽ!»

ባለቤቴ የያዘችውን ሰሃን አስቀመጠች። ልትቆጣ ነው ብዬ ተነሳሁ። እሷ ግን ወደ አባቷ ዞረች፤ በተናደደ ሰው ድምፅ ነበር የጀመረችው።

«እሺ ልበል! ምን ልበልህ አባዬ? የደንብ ልብሴን ስትሰፋ ጠርዙን ሰፋ አድርገህ ታጥፈው ነበር፤ ታድጊያለሽ እያልከኝ። በየዓመቱ እየፈታህ ታስረዝምልኝ ነበር፤ መስመሩ ሲታይ ልጆቹ ይስቁብኝ ነበር። እናቴ ስትሞት ፀጉሬን የሠራኸኝ አንተ ነህ። ሹሩባው ጠማማ ነበር፣ አልነገርኩህም። ደስ ይልህ ነበርና አልነገርኩህም። ሥራው ሲመጣ ያለ እኔ ሂጂ አልከኝ። ማን ላይ ጥዬህ ልሂድ? ሌሊት ስታስል ማን ይሰማሃል? ሥራውን ባጣም ግድ የለኝም አባዬ፣ እኔ አንተን ማጣት ነው የማልችለው!»

ከዚያ እግራቸው ሥር ተቀምጣ ጉልበታቸው ላይ አለቀሰች። የሕይወት ታሪኩን በየመስመሩ ሲያርሙ የዋሉት አማቴ ይኼን አላረሙም። ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አድርገው፣ እጃቸውን ራሷ ላይ አስቀምጠው ቆዩ።

ከዚያ ቀን በኋላ ቤቱ ቀለለው። አማቴ ገበያ ሲወጡ ሰው «ሟቹ መጡ!» እያለ ይስቃል፣ እሳቸውም ይስቃሉ። ባለቤቴ መዝፈንም ጀማምሯት ነበር። ዕቃ አሰርን፣ ወንበር ሸጥን፣ ድመቷን ለአጥር ጎረቤታችን ሰጠን። ወሩ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ሚኒባስ በኮንትራት ያዝን፤ በመነሻችን ጠዋት ዳኛውና የእድሩ ሰዎች ሊያስጭኑን መጡ። ፍራሹ ወጣ፣ ድስቱ ወጣ፣ የእኔ የብየዳ ማሽን ወጣ። ልጆቹ ገብተው ቦታ ይሻማሉ። እኔ የቀረ ነገር እንዳለ ልይ ብዬ ቤት ስገባ የአማቴ የስፌት መኪና እንደተሸፈነ ቆሟል። አጠገቡ አልጋቸው እንደተነጠፈ ነው። ልብሳቸው ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። አንድም ነገር አልታሰረም።

ወጥቼ «አባባ፣ የእርስዎ ዕቃ የታለ?» አልኩ።

አማቴ ከዘራቸውን ተደግፈው በሩ ላይ ቆመዋል። እኔን አላዩኝም፤ ልጃቸውን ነው ያዩት።

«ልጄ፣ እኔ አልሄድም» አሉ። «ቀድሞም ልሄድ አልነበረም። ሰው አባቱን ከቀበረ፣ ሠልስቱን ካወጣ፣ ወደ ሥራው ይመለሳል። ደንቡ ይኼ ነው። አንቺም አልቅሰሽልኛል፣ ደግሞ ደህና አድርገሽ ነው ያለቀስሽልኝ። በቃ፣ ጨርሰሻል። ሂጂ ወደ ሥራሽ።»

መጀመሪያ የታየኝ ዳኛው ፊታቸውን ሲያዞሩ ነው። ከዚያ እኔም ገባኝ። ለካ ሽማግሌው ለራሳቸው አልነበረም ያስለቀሱት። ልጃቸው እንድትሄድ ብለው ነው። በዚህ ከተማ ያላቸውን አንድ ነገር፣ ስንት ዓመት አግዳሚ ተሸክመው ያቆዩትን ለቅሶ፣ በቁማቸው አውጥተው ሰጧት።

«አባባ፣ ነገ እዚህ ቢሞቱ እኮ ድንኳኑ አይወጣልዎትም!» ብዬ ጮህኩ። ለምን እንደጮህኩ እንጃ፣ እንባ ሲመጣብኝ እጮሃለሁ።

«አውቃለሁ። ቅዳሜ አይቼዋለሁ፤ ቆንጆ ነበር። ከሞቱ አሟሟቱ ነው።»

ባለቤቴ ቀስ ብላ ከሚኒባሱ ወርዳ ፊታቸው ቆመች። ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅሁ። ዓይኗ ደረቅ ነው።

«አባዬ፣ አሁን ሞተሃል?»

«እንደ ደንቡ ሞቻለሁ።»

«አልቅሻለሁ?»

«አልቅሰሻል።»

«እንግዲያው አትከራከረኝ» አለች። «ሬሳ አይከራከርም። ሬሳ የት እንደሚሄድ የሚወስነው ቤተሰቡ ነው። ቤተሰቡ ደግሞ እኔ ነኝ።» ወደ እድሩ ሰዎች ዞረች። «አንሱልኝ።»

ሰዎቹ ተያዩ። አንድ አፍታ ብቻ ነው የቆሙት። ከዚያ የዘመናት ልማዳቸው ነውና፣ ማንም ሳያዛቸው ቦታ ቦታቸውን ያዙ፤ ሁለቱ በትከሻ በኩል፣ ሁለቱ በእግር በኩል። «ኧረ በሕግ አምላክ! አውርዱኝ! እናንተ ባለጌዎች!» እያሉ አማቴ በአየር ላይ ከዘራቸውን ይወዘውዛሉ። የሂሳብ መምህሩ ዳኛ ከኋላ እየተከተሉ «ሟቹ ጸጥ ይበሉ፣ ሥርዓት ይኑር» ይላሉ፤ እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ። የአጥር ጎረቤታችን የስፌት መኪናውን ብቻውን ተሸክሞ ከቤት ወጣና ጣሪያው ላይ ከፍራሹ ጎን አሰረው። እኔ ሚስማሩ ላይ ያለውን ልብስ ሰብስቤ በክንዴ አቅፌ ሮጥኩ። አማቴን ከሾፌሩ ኋላ ባለው ወንበር፣ በመስኮቱ በኩል አስቀመጧቸው፤ ባለቤቴ መውጫውን ዘግታ ከአጠገባቸው ተቀመጠች።

ከከተማው እስክንወጣ አማቴ ማንንም አላናገሩም። በመስኮት ሰው እጁን ሲያወዛውዝላቸው እንኳ ከንፈራቸውን ነክሰው ወደፊት ያያሉ። ቡና የጫነ መኪና ፊት ለፊታችን ሲያልፍ ሾፌሩ ጥግ ያዘና መኪናው ተንገጫገጨ፤ ባለቤቴ ክንዳቸውን ያዘቻቸው። እሳቸውም እጇን አላስለቀቁም።

«እዚያ ስሞት ማን ያለቅስልኛል?» አሉ። ቁጣው ከድምፃቸው ወጥቷል፤ የቀረው ጥያቄው ብቻ ነው።

«እኔ» አለች።

«አንቺማ ቅዳሜ አለቀስሽ።»

«ገና አልጨረስኩም» አለቻቸው።